ልጇን በስፌት መኪና ለወጠች የተባለችው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ ልጇን በስፌት መኪና ለውጣለች ይባላል። የሚባለው ከሱቋ ፊት ለፊት ባለው ካፌ ውስጥ ነው። ወሬው መጀመሪያ ሲሰማ መኪናው በእግር የሚረገጥ ነበር። እየዋለ እያደረ ኤሌክትሪክ ገባለት። ባለፈው ዓመት የጥግ ወንበሯን እንደ ርስት የያዛት ጡረተኛ ጥልፍ የሚጠልፍ አደረገው፤ ባለ ካፌዋ ደግሞ መብራትና ወንበር ጨመረችበት። አሁን ባለበት ደረጃ መኪናው ራሱ ጨርቅ ገዝቶ፣ ራሱ ሰፍቶ፣ ልብሱን ለደንበኛው ቤት ድረስ ማድረስ ብቻ ነው የቀረው።

ወሬው ምራቂም አለው። ልጇን ስታስረክብ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ፣ እየሳቀች ፈረመች። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጇ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። እነዚሁ ሰዎች ሁለተኛውን ሻይ ሲያዙ ግን ያዝኑላትና፣ በየዓመቱ ለልጇ ቀሚስ እየሰፋች ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ሳጥኑን እየከፈተች ታለቅሳለች ይላሉ። ጠይቃ የማታውቅ ሴት ለማን ብላ ቀሚስ ትሰፋለች ብሎ ያሰበ የለም። በዚህ ካፌ ወሬ ይስተናገዳል፤ ጥያቄ ግን ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

ወሬውን ለማመን የሚያስቸግረው መኪናው ራሱ ነው። ሱቋ ገብቶ ያየው ሰው ያውቃል። ሲሽከረከር አንገቱን የተያዘ ዶሮ ድምፅ ያወጣል። አንድ እግሩ ስለሚያጥር ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል። መርገጫው ዝጎ ዝጎ ቀለሙ ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። በዚህ መኪና ልጅ ቀርቶ ዶሮ ልለውጥ ቢሉ፣ ዶሮዋ ራሷ አቤቱታ ታቀርባለች።

ታሪኩ ሌላ ነው። ልብስ ሰፊዋ ወጣት ሳለች ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ጭነት አድርሼ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ፤ እስካሁን እያደረሰ ነው። እሷም አንዲት ሴት ልጇን ይዛ መስፋቷን ቀጠለች። ልጅቷ ከእኩዮቿ ሁሉ ስለምታንስ ሚጢ ነበር የሚሏት። ሚጢ ገና አፏን በደንብ ሳትፈታ እናቷ ሳንባዋን ታመመች፤ ሐኪሞቹም ሆስፒታል ትተኛ አሉ፤ ለወራት።

በዚያን ጊዜ ዛሬ «ድልድዩ» የምንለው ሰው ገና ድልድይ አልነበረም። ከሰፈሩ ዳር የሕፃናት ማቆያ የከፈተ፣ ቀጭን፣ ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛ ሰው ነበር። «እስኪሻልሽ እኔ ጋ ትቆይልሽ፤ ምን ችግር አለው? እኛ እኮ ለዚሁ ነው የተፈጠርነው» አላት። ለምን እንደተፈጠረ የታወቀው ዘግይቶ ነው። አመነችው፤ ሰጠችው ማለት ግን አይደለም። ጃንጥላውን ጎረቤት ያስቀመጠ ሰው ጃንጥላውን አልሰጠም።

ከሆስፒታል ስትወጣ የማቆያው በር አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ሚጢ የለችም። «ለትምህርት ወደ ውጭ ሄዳለች፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትመጣለች» አላት ሰውየው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ጠበቀች። የዓለም ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ፣ ተከፈቱ፣ ተዘጉ። የሚጢ ትምህርት ቤት ብቻ መዘጋት የሚባል ነገር የማያውቅ ሆነ። በሩ ላይ ቆማ ስትጮኽ ዘበኞቹ አባረሯት። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ፣ ኃላፊው ከሰውየው ጋር ተቃቅፎ የተነሳው ፎቶ ከወንበሩ በላይ ተሰቅሎ ጠበቃት። ፎቶውን አይታ ወጣች፤ በሳምንቱ ተመልሳ ሄደች፤ ፎቶው በትልቁ ታጥቦ ነበር።

ሰውየው በበኩሉ አደገ። ልጆቹን ለውጭ አገር አሳዳጊዎች በመላክ ከበረ። መላክ ሲከለከል ደግሞ የላካቸውን ከቤተሰቦቻቸው ጋር በማገናኘት ይከብር ጀመር። «እኔ በቤተሰቦች መካከል የተዘረጋሁ ድልድይ ነኝ» ብሎ በየመድረኩ ስለሚናገር ስሙ ድልድዩ ሆኖ ቀረ። ሲሄዱም ሲመለሱም የሚያስከፍል ድልድይ። ኪስህን የዳበሰ ሌባ ባዶውን ቦርሳ መልሶልህ «አጨብጭብልኝ» ቢልህ ምን ትለዋለህ? የኛ ከተማ ያጨበጭባል። ለስላሳ ካለማ ቆሞ ያጨበጭባል።

ከሃያ ዓመት በኋላ ነገሩን የቀሰቀሰችው ሚጢ ራሷ ናት። ማቆያው ውስጥ አብራት የነበረች አንዲት ልጅ ስልክ ደውላ፣ «እናቴ ሞታለች ብለውኝ ነበር፤ ሄጄ ባያት ሽንኩርት ትገዛለች» ብላ ነገረቻት። እናትሽ ሞታለች ተብላ ያደገችው ሚጢም የራሷ ሟች ሽንኩርት እየገዛች እንዳይሆን ለማጣራት ወደ ድልድዩ ድርጅት ደወለች። ድልድዩ ነገሩ እንደማይቀርለት ሲገባው፣ ከሰልፉ ፊት ሮጦ ገባና ሰልፉን የሚመራ መሰለ። «እናትሽ አለች፤ መሞቷን የነገሩን ሰዎች ተሳስተው ነው» አላት። «ደግሞ በፈቃዷ ነው የሰጠችሽ። እኛም የስፌት መኪና ገዝተን አቋቋምናት።» የመኪናው ወሬ ከካፌው የወጣ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ካፌው አከፋፋይ ነው፤ ፋብሪካው ድልድዩ ነው። ከልጆቹ ጋር ይህንንም ወሬ ለዓመታት ሲያመርት ነው የኖረው።

ሚጢ በአውሮፕላን በገባች ማግስት፣ ሰኞ፣ ድልድዩ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ መጣ። ሾፌሩ ዞሮ በሩን እስኪከፍትለት ጠብቆ ወረደ። ክንዱ ላይ ሙሉ ልብስ አንጠልጥሏል።

«የምሥራች ይዤልሽ መጣሁ» አላት።

«ሙሉ ልብሱን ነው?»

«ልጅሽ ተገኘች!»

እግሯ መርገጫው ላይ ቀረ። መኪናው መጮኹን አቆመ።

«ጠፍታ ነበር እንዴ ጋሼ?» አለችው። «ትምህርት ላይ ናት አላሉኝም?»

«እሱን ያለፈ ነገር እንተወው። እሁድ አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ዝግጅት አለኝ። እንግዶች አሉ፣ ካሜራ አለ። አንቺ መድረክ ላይ ትወጪና ‹ልጄን የተሻለ ሕይወት እንድታገኝ ብዬ በፈቃዴ ሰጠሁ› ትያለሽ። ወዲያው እሷ ከጀርባ ትወጣለች፣ ትተቃቀፋላችሁ፣ ሙዚቃ ይገባል።»

«ካላልኩስ?»

«ካላልሽማ…» አለና አንገቱን ሰበር አደረገ። «ልጅቷ ሆደ ባሻ ናት። እዚህ መጥታ ግራ ከምትጋባ በመጣችበት አውሮፕላን ብትመለስ ይሻላታል። ሳታይሽ ማለቴ ነው።»

«የት ነው ያረፈችው?»

«እሱ የድርጅቱ ምስጢር ነው። ይልቅ ይሄን ልብስ አስፊልኝ፤ ወገቡ ጠቦኛል። ለእሁድ የምለብሰው ነው። ንግግሬ ላይ ‹ይህን ልብስ ያስተካከሉት የዚያች እናት እጆች ናቸው› እላለሁ። ሰው ያለቅሳል።»

«የእጄስ?»

«በስጦታ ነዋ! ዋጋ ከተከፈለበት እኮ አያስለቅስም።»

ልብሱን ተቀበለችው። «ሐሙስ ጠዋት ይምጡ» አለችው። «ለብሰውት ካልለካሁ መቀስ አላሳርፍበትም።»

ካፌው በዚያው ቀን ፈረደባት። «ትላለች!» አለ ጡረተኛው። «አንዴ የለወጠች ሴት ሁለተኛውን ምን ይቸግራታል?» ባለ ካፌዋም «እኔ ብሆን አልልም» አለች፤ ለእሁድ የምትለብሰውን ግን እዚያው እያወራች መረጠች።

እውነት ለመናገር ልብስ ሰፊዋ ልትለው ነበር። ልጇን የምታይበት ሌላ በር አልታያትም። ልብስ በካውያ እየተኮሰች ስትለማመድ ተሰምታለች። «ልጄን» ትላለች፣ «የተሻለ ሕይወት» ትላለች፤ «በፈቃዴ» ላይ ስትደርስ ካውያውን ታነሳና ጨርቁ ተቃጥሎ እንደሆነ ታየዋለች። እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

የድልድዩ ምስጢር ያረፈው ደግሞ በከተማው እንግዳ በሚያርፍበት ብቸኛ ደህና ሆቴል ነው። የዚያን ሆቴል ዩኒፎርም ማን ይሰፋል? ከበረኛው ኮት እስከ አስተናጋጆቹ ሽርጥ የእሷ እጅ ያልነካው ጨርቅ የለም። ድልድዩ ግን አስተናጋጅ ሲያይ የሚያየው ትሪውን ብቻ ነው። ትሪውን የያዘው ሰው ልብስ መልበሱን፣ ያን ልብስ የሰፋ ሰው መኖሩን ማን ነግሮት!

ረቡዕ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ የጉርድ ቀሚሷ ዚፕ ተበላሽቶባት ወደ ሱቁ መጣች።

«እትዬ፣ አንዲት ልጅ መጥታለች» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ቋንቋውን በትምህርት ነው የለመድኩት ትላለች፤ የምታወራው ልክ እንደ ዜና አንባቢ! ‹ተጨማሪ ፎጣ እንዲቀርብልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ› አለችኝ። ልስቅ ስል አገጯን አየሁት።»

«አገጯ ምን ሆነ?»

«የእርስዎ ነው። እንዳለ፤ አንስተው የለጠፉት ነው የሚመስለው።»

ልብስ ሰፊዋ ዚፑን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ መርፌ ሰበረች። ከዚያ፣ «ሂጂ ንገሪያት» አለች። «ልብስ ሰፊዋ ለእሁድ ቀሚስ ልትለካሽ ትፈልጋለች በያት። ነገ ጠዋት። ሌላ ሰው እየለካሁ ካገኘችኝ አግዳሚው ላይ ትቀመጥ፤ እስክጨርስ ድምፅ እንዳታሰማ።»

«ማን እንደሆኑ ልንገራት?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ። ሌላውን ራሷ ትስማው።»

ስለ አሠራሯ ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። ልብስ ስትለካ እስፒሎቹን የምትይዘው በከንፈሯ ነው። ስለዚህ መናገር አትችልም፤ «እህም» ብቻ ነው የምትለው። ደንበኛው ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ቆሞ፣ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ሱሪው መኪናው ላይ ሆኖ፣ ዝምታው ያስጨንቀዋል። ዝም ያለ ሰው ፊት በውስጥ ሱሪ መቆም ቀላል አይደለም። ያወራል። በዚህ ከተማ ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ያልተተረከ ጠብ፣ ያልተናዘዙበት ኃጢአት የለም። ካፌው የዚያን ግማሽ ቢያገኝ ፎቅ ይሠራበት ነበር። እሷ ግን የሰማችውን ከእስፒሎቹ ጋር ጣሳዋ ውስጥ ትከተዋለች።

ሐሙስ ጠዋት ድልድዩ መጣ። ሱሪውን አወለቀ፤ እሷም መቀመጫው ላይ ያለውን ስፌት ከላይ እስከ ታች ተረተረችው። ኮቱን አስለብሳው በርጩማው ላይ አቆመችው። እስፒል በብብቱ፣ እስፒል በጎኑ፣ እስፒል በጀርባው። ጃርት ሆነ። በዚህ መሀል የሱቁ በር ተከፈተ፤ አንዲት ቀጭን ወጣት ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ በመጋረጃው ጠርዝ በኩል አየቻት። አገጩን አየችው። እጇ ለአፍታ አየር ላይ ቆመና ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ዓረፍተ ነገሩን አጠናሽው?» አለ ድልድዩ።

«እህም።»

«‹በፈቃዴ› የምትለዋን ጠበቅ አድርጊያት። ዋናዋ እሷ ናት።»

«እህም።»

«መቼም አልፈቀድሽም፤ እሱን እኔም አንቺም እናውቀዋለን። ግን ማን ፈቅዶ ያውቃል? ሁሉንም ሳስፈቅድ ብውል አንድም ልጅ አይሄድም ነበር እኮ።»

«እህም?»

«ሞታለች ያልነውም በክፋት አይደለም። እናት ያለው ልጅ ፈላጊ የለውም። አንቺ ደግሞ እንደዚያ ስትስዪ፣ መቼም ትሞትና ከውሸቱ ታወጣናለች ብለን ነበር። አልሞትሽም።» ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። «አልቀየምኩሽም።»

እስፒል ሲገባ «እህ!» አለ።

«ቀስ በይ እንጂ! የስፌት መኪናውማ የራሴ ፈጠራ ነው። በባዶ እጇ ሰጠች ከሚባል አንድ ነገር አገኘች ቢባል ላንቺም ክብር ነው። መጀመሪያ ላም ልል ነበር፤ ከተማ ውስጥ ላም የት ታስሪያለሽ ብዬ ተውኩት። አየሽ፣ እኔ እኮ ለሰው አስባለሁ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ጥርት ያለ የዜና አንባቢ ድምፅ ተሰማ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን የተናገሩት ግለሰብ የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ይሆኑ?»

ድልድዩ እጁን እንደዘረጋ ደረቀ። «ማናት?» አለ በሹክሹክታ።

ልብስ ሰፊዋ እስፒሎቹን ከከንፈሯ አወጣቻቸው። «በላም ሊለውጧት ያሰቧት ልጅ ናት።»

«ሱሪዬን አምጪ!»

«ተተርትሯል።»

«እንደተተረተረ አምጪው አልኩሽ!»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን ሰው «እርስዎ» ስትል ኖራለች። በሩ ላይ ስትጮኽበት እንኳ «ልጄን ይመልሱልኝ» ነበር የምትለው።

«አንተ!» አለችው። «ሱሪህ ለትምህርት ሄዷል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይመጣል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ካፌው በሙሉ በመስታወት አይቷል፤ ስለዚህ ለማጋነን አይመችም፤ ቢሆንም ይሞከራል። መጋረጃው ከነዘንጉ ተነቀለ። ታላቁ በጎ አድራጊ ከወገቡ በታች አበባ ያለበት መጋረጃ፣ ከወገቡ በላይ እስፒል የተተከለበት ኮት ለብሶ ወደ መንገዱ ወጣ። እጁን ባጠፈ ቁጥር ይጮኻል፣ ሲጮኽ መጋረጃው ይወርዳል፣ መጋረጃውን ሊይዝ ሲያጎነብስ እጁን ያጥፋል። ሾፌሩ መሪውን ተደግፎ እስኪያስነጥሰው ሳቀ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድልድዩ የመኪናውን በር ራሱ ከፈተ፤ በየት በኩል እንደሚከፈትም ለማወቅ ትንሽ ተቸገረ።

ካፌው ባዶ ሆነ። ሁሉም ሒሳብ ሳይከፍል ወጥቶ የሱቁ በር ላይ ተሰበሰበ። ጡረተኛው ስኒው እጁ ላይ ነው። ባለ ካፌዋ ያልከፈሉትን ልትይዝ ተከትላ ወጥታ፣ እዚያው ከፊት ቆመች። ለዓመታት ያቺን ሴት ሲቦጭቁ የኖሩ ሁሉ፣ ለሱሪው ሲሉ መጥተው፣ አሁን ለእንባቸው መሐረብ ይፈልጉ ጀመር። እንባው በነፃ ነውና ማንም አልሰሰተም።

ውስጥ ግን ማንም አላለቀሰም። ልጅቷ ተነስታ ቆማለች።

«እርስዎ…» ብላ ጀመረች።

«አንቺ በይኝ።»

«መምህሬ ለታላቅ ሰው እርስዎ ይባላል ብለውኛል።»

«ለታላቅ ነው። እናት አንቺ ነው የምትባለው።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ «አንቺ» ግን ቶሎ አልወጣላትም። ልብስ ሰፊዋ ያለችው ልኬት ነውና ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ትከሻዋን ለካች። ቁጥሩን አይታ ረሳችው። ደግማ ለካች፤ ደግማ ረሳችው። ሜትሩን እዚያው ትከሻዋ ላይ ተወችውና እጇን ከላዩ አሳረፈች።

ባለ ካፌዋ ይህን መቋቋም አቃታት። «ኧረ ሳጥኑን ክፈቺላት!» ብላ ከበሩ ጮኸች። «በየዓመቱ የሰፋሽላትን ቀሚስ ትየው! አንጀቴ!»

«መኪናውንም ታሳያት» አለ ጡረተኛው፣ ስኒውን ወደ መኪናው ቀስሮ። «ለዘመኑ እኮ ጥሩ ለውጥ ነበር።»

ልጅቷ መኪናውን አየች፣ ከዚያ በር ላይ የቆሙትን አየች።

«ሰውየውን ሰምቻለሁ» አለች። ድምጿ የዜና አንባቢ መሆኑን ትቶ ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ ስላንቺ የሰማሁት ከሰው ነው። አሁን አንቺ ንገሪኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ በሩ ዞር አላለችም።

«ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁራጭ ጨርቅ ነው» አለች። «ቀሚስ አልሰፋሁም፤ ቁመትሽን ማን ነግሮኝ? መኪናው የአክስቴ ነው፤ አንቺ ሳትወለጂም እንዲሁ ይጮኽ ነበር። አልፈረምኩም። አልሳቅኩም። ጠይቃ አታውቅም የሚሉሽ፣ ስጠይቅ በሩ ላይ ያዩኝ ናቸው። በፈቃዴ የሆነ አንድም ነገር የለም። አልሸጥኩሽም፣ አልለወጥኩሽም፣ አልሰጠሁሽም። ታምሜ ተኝቼ ሰረቁኝ።»